ሎሚ ዓሣ ያበስላል?

ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እዚያው ይገፈፋል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ፤ አንዳንዱ ደንበኛ ደግሞ ጥሬውን ሥጋ ዳጣ እያስነካ ይበላል። የሰባት ዓመት ልጄ ይህን አይታ፣ "ሎሚ ጨምቀንበት ቢቆይስ አይበስልም?" አለችኝ። ጥያቄዋን ከዓሣው ጋር ይዘን ቤት ገባን።

ቆሮሶውን በስሱ ቆርጠን ሦስት ስኒ ውስጥ አስቀመጥን። አንዱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንዱ ላይ የፈላ ውሃ፣ ሦስተኛው ላይ እስኪሸፍነው ድረስ የሎሚ ጭማቂ። የፈላ ውሃ ያገኘው ወዲያው ነጣ። የሎሚው ዘገየ፤ መጀመሪያ ጠርዙ ደፈረሰ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆነው መሃሉም ወተት መሰለ። የቀዝቃዛ ውሃው እንደነበረ ነው።

የዓሣ ሥጋ ፕሮቲን እንደ ልቃቂት የተጠቀለለ ረጅም ክር ነው። ልቃቂቱ እስካልተፈታ ድረስ ብርሃን ሥጋው ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ሙቀት ክሩን አንቀጥቅጦ ይፈታዋል። የሎሚው አሲድ ደግሞ ክሩን አጥፎ የያዘውን መሳሳብ ያላላል። መንገዱ ይለያያል እንጂ መድረሻው አንድ ነው፦ የተፈታው ክር እርስ በርሱ ይተበተባል፣ ብርሃኑም ትብትቡ ላይ እየተበተነ ነጭ ሆኖ ይታየናል። አይብ የሚያወጣ ሰው ሁለቱንም ባንድ ድስት ይጠቀማል፤ አሬራው ራሱ ኮምጣጣ ነው፣ ለስለስ ያለ እሳት ሲያገኝ አይቡ ከአጓቱ ይለያል።

ታዲያ የነጣ ሁሉ በሰለ ማለት አይደለም። እሳት ክር ከመፍታት ሌላ ጀርምና ትል ይገድላል። የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ትል አያጣም፤ ለትሉ ደግሞ የግማሽ ሰዓት ሎሚ ምኑም አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ዓሣ ለማብሰል ግን ይተርፋል። ሎሚ ግን ትሉን ስለማይገድል ከሎሚው ስኒ ማንም እንዳይቀምስ።

ልጄ የሎሚውን ቁራጭ "ወደ ጥሬነቱ ይመለሳል" ብላ ደጋግማ አጠበችው። ነጭነቱ አልለቀቀም፤ የተቀቀለ እንቁላልም አይመለስም። በመጨረሻ ሦስቱንም የሚፈላ ድስት ውስጥ ጨመርናቸው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የቆየው ባንዴ ነጣ። የሎሚው ላይ ግን የሚታይ ለውጥ የለም።

"ይኼኛው ምንም አልሠራም!" ብላ ተቆጣች።