ዕረፍት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ሜዳም ይፈልጋል

በዚህ ዓምድ ስለ ምግብ ብዙ ጊዜ ተጨዋውተናል። ዛሬ ግን በሰሐን ስለማይቀርብ፣ ነገር ግን እሱ ከጎደለ የበላነውም ስለማይስማማን ጉዳይ እናውጋ። ስለ ዕረፍት።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ባለፈው አርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ የት ዋሉ?

በሀገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዘመን በተለመደው አሠራር፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ለምሳ የሚዘጋው 6፡30 ላይ ሲሆን አርብ ግን 5፡30 ላይ ይዘጋል፤ ተመልሶ የሚከፈተው 7፡30 ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። ሒሳቡን ቢሠሩት አራት ቀን በስምንት ሰዓት 32፣ አርብ ሰባት፣ ድምሩ 39 ይሆናል። ያቺ ከአርብ ላይ የተቀነሰች አንዲት ሰዓት ናት ለመካነ ሰላም መምህርም ሆነ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ውዱእ አድርጎ፣ ኹጥባ አድምጦ፣ ሰግዶ እንዲመለስ ፋታ የሰጠችው።

የበዓላቱንም ነገር እናስታውስ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች፣ ከእነርሱም ጋር ለእኩልነት የቆሙ ክርስቲያን ወገኖቻቸው በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ፣ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓሎቻችን በሀገር ደረጃ ይከበሩ የሚል ነበር። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 16 ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ከዚያ በፊት የነበሩ አባቶቻችን የዒድ ቀን መሥሪያ ቤት ለመቅረት አለቃ ማስፈቀድ ነበረባቸው። ይህን የማነሳው ታሪክ ለመተረክ አይደለም። ዕረፍት የግል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን፣ መንግሥት ሰዓት ሲቆርጥም ሲለግስም ወደ ጤናችን ዘልቆ እንደሚገባ ለማሳየት ነው።

ሰዓቱ እንግዲህ ተገኘ እንበል። የት ይዋልበት?

አብዛኛው የከተማ ሰው የሚያርፈው ተቀምጦ ነው፤ ሥራውም ተቀምጦ ነበር። ከሱብሂ በኋላ ሱቁን ከፍቶ እስከ ዒሻ ባንኮኒ ጀርባ የሚውለውን ነጋዴ ያስቡ። ልብስ ሰፊው ከመኪናው፣ ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ፣ የባጃጅ ሹፌሩም ከመሪው አይለዩም። ከመካነ ሰላም ጥቂት ወጣ ብሎ በቦረና ተዳፋት ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ወንድማችን ግን ሰውነቱ እንዲንቀሳቀስ ምክር አያሻውም። የእርሱ ችግር ሌላ ነው፤ ጀርባው፣ ጉልበቱ፣ በክረምት የማይደርቀው እግሩ። እርሱን ‹‹ስፖርት ይሥሩ›› ማለት ቀልድ ይሆናል።

ለተቀማጩ ግን ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በአማካይ በየቀኑ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን የግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግዎትም፤ እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ ነሺዳ ማዜም ግን ትንፋሽ ካሳጠረዎት ልክ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ከቆላ መጥተው በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚማሩ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥራቸው አይደንግጡ፤ ቀስ ብለው ይጀምሩ። ይህ እንቅስቃሴ የደም ግፊትን ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝን ዕድል ያሳንሳል፣ እንቅልፍንም ያስተካክላል። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን በራስዎ አያቋርጡት።

አሁን ወደ ጫቱ ልምጣ። የሐላልና የሐራሙን ጉዳይ ለዑለማዎቻችን እንተወውና በጤናው በኩል ብቻ እንየው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳል። ከእርሱ ጋር የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ደግሞ ለብቻው ጉዳት አለው። ይህን ሁሉ ወጣቱ ሳያውቀው ቀርቶ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ አንዱን ‹‹ለምን እዚህ ትውላለህ?›› ብዬ ብጠይቀው ‹‹ሌላ የምቀመጥበት ቦታ አሳየኝ›› አለኝ። እኔም አካባቢውን በዓይኔ ቃኘሁና መልስ አጣሁ።

የእናቶቻችን ነገር ከሁሉም ይለያል። ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከም፣ ከምጣድ ጭስ ስር የምትውል ሴት 150 ደቂቃዋን ሰኞ ረፋዱ ላይ ትጨርሳለች። የሚጎድላት እንቅስቃሴ ሳይሆን ዕረፍቱ ነው። በወሎ ዕረፍቷ ቡና ነው እንላለን፤ እውነት ነው፣ አቦል ቶና በረካው ጎረቤት ያሰባስባል፣ ዱዓ ይደረግበታል፣ ልብ ይቀላል። ነገር ግን ቡናውን የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ ሲኒውን የምታጥበው ያችው ደካማ ናት። ባለቤትዎ በሳምንት አንድ ቀን ሌላ ሰው ባፈላው ቡና ዕድሜዋን ሙሉ ስንት ጊዜ ተቀምጣ ጠጥታለች? እስቲ ይቁጠሩት። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው በላዩ ላይ ሲጠጣ ሰውነት ከጤፉና ከምስሩ የሚያገኘውን ብረት ማዕድን ስለሚቀንስ፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢያቆዩት ይመረጣል። ቡናውን ይዞ ደጅ ወጥቶ የጠዋት ፀሐይ መሞቅም ለአጥንት ይበጃል፤ ሕፃናትን ጭምር።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ በየሳምንቱም 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት እንዲኖር ያዛል። የቤት እመቤቷ፣ ገበሬውና ባለ ጉሊቷ ግን አሠሪ ስለሌላቸው አዋጁ አይደርስላቸውም። የቤት ሠራተኛዋንም ጉዳይ አዋጁ ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲታይ ለይቶ ትቶታል። በቤትዎ ሠራተኛ ካለች ስለ ዕረፍቷ መንግሥቷ እርስዎ ነዎት ማለት ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ብዙ ሰው ሳያውቅባቸው የሚያልፉትን ሁለት ጸጋዎች ሲጠቅሱ ጤናንና ትርፍ ጊዜን አንድ ላይ ማንሳታቸው በየመስጊዱ የሚነገር ነው። ለእኔ የሚገርመኝ ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። አንዱ ሲባክን ሌላውም አብሮ ይሄዳል።

ሜዳውስ የት ሄደ?

በልጅነታችን የመዝናኛ ቦታ የሚባል ቃል አናውቅም ነበር። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ሁሉ ሜዳ ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ የጨርቅ ኳስ ይጫወታል፣ ሽማግሌው ዛፍ ስር ገበጣ ይጫወታል ወይም ይዳኛል፣ ደቦው ራሱ በመንዙማ የታጀበ ነበር። ሥራና ጨዋታ አልተለያዩም። ከተማ ሲሰፋ ግን ማሳው ቦታ ሆነ፣ ቦታው ካርታ ወጣለት፣ ካርታው አጥር አመጣ።

በአካባቢያችን ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ያየሁትን ልንገርዎ፤ ስሟን ልተወው። የዒድ ሰላት የምንሰግድበት፣ በሌላው ቀን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አንድ ሜዳ ነበር። አንድ ዓመት በጠርዙ የድንጋይ ክምር ታየ፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ አጥር፣ ከዚያም ሱቅ። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ጭምር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዐረፋ ጠዋት ሰፉ ሜዳው አልበቃ ብሎት ወደ መኪና መንገዱ ወጣ። ያኔ ሁሉም ‹‹ሜዳችን የት ሄደ?›› አለ። ልጆቹ ግን ሜዳ ካጡ ሁለት ክረምት አልፏቸው ነበር፤ እነርሱን ማንም አልጠየቃቸውም።

እኛ ሜዳውን የምንፈልገው በዓመት ሁለት ጠዋት ይመስለናል። ለልጁ ሳንባና ለአባትየው የደም ስር የሚያስፈልገው ግን በተቀሩት ቀናት ነው። ክርስቲያን ጎረቤታችንም የጥምቀት ሜዳው ጉዳይ እንደዚሁ ነው፤ ወሎ ላይ ደግሞ ይህ ጥያቄ አብሮ መጠየቅ የለመድነው ዓይነት ነው።

መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት ግን አይደለም። በደርግ ዘመን በየቀበሌው መዝናኛ ክበብ ተከፍቶ ነበር። ችግሩ ብዙዎቹ መዝናኛ ሲባሉ ከውስጣቸው የሚገኘው ቢራ መሆኑ ነው። ሙስሊም ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ እንዴት ይግባ? ከዚያ ወዲህ የወጣት ማዕከላት መጡ፤ እነርሱም ቢሆኑ በብዙ ቦታ ፑልና የእግር ኳስ ቴሌቪዥን ናቸው፣ እህቶቻችን በራፉን አያልፉም። ለሕዝብ የተሠራ ቦታ ግማሹን ሕዝብ በደጅ ካስቀረ ግንባታው ቢያምርም ሥራው አልተጠናቀቀም።

በወረቀት ላይ ያለው ግን ጥሩ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኞች የዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ መብት ይሰጣል። የ1990 ዓ.ም. የስፖርት ፖሊሲ ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚሠራበትና በሚማርበት አካባቢ ስፖርት እንዲሠራ ማድረግን ግቡ አድርጓል። የከተማ ፕላን አሠራሩም ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ይጠይቃል። ሰላሳ በመቶ! እርስዎ በሚኖሩበት ሰፈር ከአሥር ክንድ መሬት ሦስቱ ክፍት ነውን?

ትላልቅ ከተሞች የተወሰነ እርምጃ ሄደዋል። አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. መንገዶችን ከመኪና ነፃ አድርገው ‹‹መንገድ ለሰው›› ብለው ሰዉን አስወጡ፤ ወጪው ገመድና ትራፊክ ፖሊስ ነበር፣ ሌላ ብዙ ነገር አልጠየቀም። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ የኮሪደር ልማቱም ደሴና ኮምቦልቻ ደርሷል። የእግረኛ መንገዱን ወድጄዋለሁ። መግቢያ የሚያስከፍለው ፓርክ ግን ስድስት ልጅ ላለው ሰው ፓርክ አይደለም።

የእኛ አካባቢ ደግሞ እግዜር የሠራው ፓርክ አለው፤ ደንቆሮ ጫካ። ስሙ እንዲያ ቢሆንም ብዙ የሚሰማ አለው፤ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ቀይ ቀበሮው፣ የጓሳው ሣር ነፋስ። የክልሉ መንግሥት የቦረና ሳይንት ፓርክ አድርጎ ከከለለው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁንና የመካነ ሰላም ልጅ ስለ ቀይ ቀበሮ ያነበበው ከመጽሐፍ ሊሆን ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ተማሪዎችን ወስዶ መመለስ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም። በእርግጥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ ርቆ መሄድ ቀርቶ አመሻሽ ላይ መውጣትም ለብዙ ቤተሰብ ስጋት ሆኗል። ስለዚህም ነው ቅርብ ያለው ሜዳ፣ ከደጃፍ አምስት ደቂቃ የሚያስሄደው፣ ዛሬ የበለጠ የሚያስፈልገን።

እስከዚያው በእጅዎ ያለውን ይጠቀሙ። ለጁምዓ በባጃጅ ሳይሆን በእግርዎ ይሂዱ፤ ሲመለሱ ረዘም ባለው መንገድ ይምጡ፣ ልጅዎንም ያስከትሉ። እህቶች ከሱብሂ በኋላ ብርሃን ሲሆን ሦስት አራት ሆነው ቢወጡ ብቻቸውን ከመውጣት ይቀላቸዋል። በሶና ቆሎ ይዞ መውጣት ለስላሳ ከመግዛት ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ወደ ማዘጋጃ ቤት ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። ስብሰባው ሲጠራ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ቦታ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው። የመስጊዱ ጀመዓ ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለት እናት፣ አንድ ወጣት መርጦ ይላክ። ከሌሎች የሰፈር ሰዎች ጋር አብረው ቢቀመጡ ይበልጥ ይሰማሉ። ካርታው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ልጆች የሚጫወቱበትን ሜዳ በጣትዎ ይንኩና ‹‹ይህ ቦታ ምን ተብሎ ተጽፏል?›› ብለው ይጠይቁ። ‹‹ክፍት ቦታ›› ከተባሉ ስፋቱ በካሬ ሜትር ይነገርዎ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤው ይያዝ።