ከደመወዙ የከበደው ቀረጥ

ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ ድርጅት የሚገጥሙት ችግሮች በመማሪያ መጻሕፍት በሦስት ምዕራፍ ይከፈላሉ፦ ባህል፣ ሕግና ኢኮኖሚ። ፋብሪካ ውስጥ ግን ተለያይተው አይመጡም። በሒሳብ መዝገብ ላይ ወጪ ሆኖ የተጻፈ አንድ ቁጥር ምንጩ ሲፈለግ የሠራተኛዋ ቤት ኪራይ፣ የአካባቢው ዓመት በዓል ወይም ዋሽንግተን ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ታሪክ ይህን አጥርቶ ያሳያል።

ፓርኩን የገነባው ሲሲኢሲሲ የተባለው የቻይና ተቋራጭ ሲሆን፣ ወጪው 246 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ሌሎቹን ባለሀብቶች የሳበው የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ በ2005 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ከሞቱ ወዲህ ትልልቆቹ የልብስ ገዢዎች ስማቸውን የማያጎድፍ አዲስ የማምረቻ አገር ይፈልጉ ነበር። ሐዋሳ አዲስ ሼድ፣ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ፣ የመንግሥት ድጋፍ ነበራት። ከሁሉ በላይ የሚወራላት ግን የሰው ጉልበት ርካሽነት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት የሠራተኞቹን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር አድርጎ መዝግቧል። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ 95 ዶላር፣ የኬንያ ደግሞ 207 ዶላር ነው።

በዚህ ቁጥር የተማረከ ባለሀብት ሊሠራው የሚገባ ሒሳብ አለ። በወር 26 ዶላር የሚከፈላት ሠራተኛ 26 ቀን ብትሠራ የቀን ሒሳቧ 1 ዶላር ነው። 50 ሠራተኞች ያሉት የስፌት መስመር በቀን 500 ቲሸርት ቢያወጣ፣ በአንዱ ቲሸርት ላይ የሚያርፈው ደመወዝ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ይሆናል። ሠራተኞቹ ገና ጀማሪ ሆነው ምርቱ በግማሽ ቢወርድ 20 ሳንቲም ይደርሳል። አሜሪካ በጥጥ ቲሸርት ላይ የምትጥለው መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሽ ክር በተሠራው ላይ ደግሞ 32 በመቶ ነው። የጥጡ ቲሸርት በ5 ዶላር ቢገባ ቀረጡ 82.5 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። የስፌት መስመሩ ለማሳያ የተወሰደ ነው፤ የቀረጡ መጣኔ ግን ከአሜሪካ የጉምሩክ ታሪፍ የተገኘ ነው። ሠራተኞቹ በነፃ ቢሰፉ እንኳ የቀረጡን ሩብ አይሸፍኑም። ፓርኩን ያቆመው ርካሹ ጉልበት ሳይሆን አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ሕግ የሰጠው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ነበር፤ በየመድረኩ የሚነገረው ግን የመጀመሪያው ነው።

ባህል በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሚገባው በሌላ በር ነው። ለውጭ ሥራ አስኪያጆች የሚሰጠው የባህል ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ በሰላምታና በአመጋገብ ላይ ያተኩራል። የሐዋሳ ሥራ አስኪያጆች የገጠማቸው ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ከሲዳማ ገጠር የመጡት ወጣት ሴቶች አብዛኞቹ በፋብሪካ ሰዓት ሠርተው አያውቁም፤ ከተማ ውስጥም ዘመድ የላቸውም። ደመወዙ ለአንድ ክፍል ኪራይ ስለማይበቃ ለሦስትና ለአራት ሆነው ይከራያሉ። የሚያዟቸው ሱፐርቫይዘሮች ደግሞ ከስሪላንካ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ የመጡ ነበሩ፤ ትእዛዙ በአስተርጓሚ፣ ቁጣው ግን ያለ አስተርጓሚ ይደርስ ነበር። የተቆጣች ሠራተኛ ከአለቃዋ ጋር ነገር ከማካረር ይልቅ በማግሥቱ ዝም ብላ መቅረትን ትመርጣለች። አለቃው ይህን የሥነ ሥርዓት ጉድለት ብሎ ይመዘግበዋል፤ ለእሷ ግን ቅሬታዋን የምታሰማበት ብቸኛው መንገድ ነው።

የቀን መቁጠሪያውም ሌላ ፈተና ነው። የሲዳማን አዲስ ዓመት፣ ፊቼ ጫምባላላን፣ ቀኑን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ነው። የመርከብ መጫኛ ቀኑን ከወራት በፊት ለቆረጠ የምርት ክፍል፣ በግድግዳ ካላንደር ላይ የሌለ በዓል ያልታሰበ የሥራ ማቆም ይሆንበታል። አያንቶዎቹን ቀድሞ መጠየቅ ምንም ወጪ አያስከትልም፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለማንሳት ግን ከአስተዳደሩ ውስጥ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት።

የስተርን ጥናት በፓርኩ ፋብሪካዎች የመጀመሪያ ዓመት የሠራተኛ ፍልሰት በአማካይ 100 በመቶ እንደነበረ ይገልጻል፤ በዓመቱ የለቀቀው ሰው ቁጥር ከሚያስፈልገው ሠራተኛ ቁጥር ጋር እኩል ነበር ማለት ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ከፓርኩ በፊት በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ባደረጉት ጥናት ደግሞ፣ በዕጣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ለቀዋል። ሥራው ከሌላው አማራጫቸው የተሻለ ገቢ አልሰጣቸውም፤ ጤናቸውንም ጎድቶታል። መልቀቃቸው የተጠና ውሳኔ እንጂ የባህሪ ጉድለት አልነበረም። ለፋብሪካው ግን እያንዳንዷ የለቀቀች ሠራተኛ ሌላ የሥልጠና ወጪ፣ ሌላ የተበላሸ ስፌትና የዘገየ ጭነት ናት። የዘገየ ጭነት ደግሞ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሒሳቡን አምራቹ ይከፍላል። በደመወዝ የተቆጠበው ሳንቲም እዚያ ላይ ያልቃል።

ወደ ሕጉ ሲመጣ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ የአገር ውስጥ ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል፤ ፓርኩ ሲከፈት ግን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ወለል ስላልነበረ ደመወዙን የወሰነው ገበያው ነው። ሁለተኛው የውል ሕግ ነው። ኢትዮጵያ የውጭ የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎችን የሚመለከተውን የኒው ዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 በማጽደቋ፣ አንድ ባለሀብት ለንደን ወይም ፓሪስ ያስፈረደውን አዲስ አበባ ላይ የሚያስፈጽምበት መንገድ ተከፍቷል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው ውል የሚመስለው፣ ግን ያልሆነው ነው። አጎዋ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1992 ዓ.ም. ያወጣው የራሱ ሕግ እንጂ ሁለት መንግሥታት የፈረሙት ስምምነት አይደለም። ማን ብቁ እንደሆነ በየዓመቱ የሚወስነው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ከመስፈርቶቹ አንዱ ሰብአዊ መብት ነው። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የኢትዮጵያ ብቁነት እንደሚቋረጥ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ተነግሮ፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። ከማስታወቂያው እስከ መዘጋቱ ሁለት ወር ነበር። ፒቪኤች ዕለቱን እንኳ ሳይጠብቅ በኅዳር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ስጦታ የሰጠ ሲነሳ ይግባኝ የሚባልለት የግልግል ጉባኤ ስለሌለ የኒው ዮርክ ስምምነት እዚህ አይረዳም።

የአውሮፓ ኅብረት ለታዳጊ አገሮች የሚሰጠው ዕድልም ስጦታ ነው፤ አነሳሱ ግን ረዘም ያለ ሥርዓት አለው። ኅብረቱ የካምቦዲያን ጉዳይ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከፍቶ፣ ቀረጡ በከፊል የተመለሰው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ነው። አንድ ዓመት ተኩል ያገኘ አምራች ገዢ ይፈልጋል፣ ማሽኑን ያዛውራል፣ ሠራተኛውን በወጉ ያሰናብታል፤ በሁለት ወር ግን የተቆረጠው ጨርቅ እንኳ ተሰፍቶ አያልቅም። በልብስ ላይ 12 በመቶ የሆነው የአውሮፓ መደበኛ ቀረጥ ለኢትዮጵያ አሁንም ዜሮ ስለሆነ፣ ምርቱን ቀድሞ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ያካፈለ አምራች ድንጋጤው ይቀንስለት ነበር።

የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ይህን ሁሉ ያከብደዋል። አምራቹ በዶላር ይሸጣል፤ ጨርቅና ክሩን ከእስያ በዶላር ያስገባል፤ ደመወዝ በብር ይከፍላል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ላኪዎች ከሚያገኙት ምንዛሪ 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ እንዲያስረክቡ፣ ለራሳቸው 20 በመቶ ብቻ እንዲያስቀሩ ያዝዝ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ የብሔራዊ ባንኩ ድርሻ ቀርቶ ላኪዎች ግማሹን እንዲይዙ ተፈቀደ፤ ዶላሩም በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በወረቀት ሒሳብ ይህ ደመወዙን በዶላር ሲለካ የበለጠ ያረክሰዋል። የሠራተኛዋ ኪራይና ጤፍ ግን በብር ስለሚንር፣ ከሥራ የምትለቅበት ምክንያት ይበረታል፤ ወጪውም በፍልሰትና በዘገየ ጭነት ተመልሶ ይመጣል።

ቀረጡ ድንገት ሲመለስ የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚወስነው የሽያጭ ውሉ ነው። አምራቹ ዕቃውን ጅቡቲ ላይ መርከብ ላይ ጭኖ በሚያስረክብበት ውል፣ ማለትም በኤፍኦቢ፣ የመድረሻ አገሩን ቀረጥ የሚከፍለው ገዢው ነው፤ ዕቃው ቀረጡ ተከፍሎበት በሚደርስበት ውል፣ ማለትም በዲዲፒ፣ ግን ሻጩ ነው። ኤፍኦቢ የፈረመ አምራች በወረቀት ላይ ከቀረጡ ነፃ ቢሆንም፣ ገዢው በሚቀጥለው ትእዛዝ ዋጋ ቀንስ ማለቱ ወይም ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ማዞሩ አይቀርም። ስለዚህ በየወቅቱ የሚታደስ ትእዛዝ ብቻ የያዘ አምራች ከፍተኛው ሥጋት አለበት። የቀረጥ ለውጥ ቢመጣ ጭማሪውን ገዢና ሻጭ በምን መጠን እንደሚካፈሉና የተጀመረው ትእዛዝ በየትኛው ዋጋ እንደሚጠናቀቅ የሚናገር አንቀጽ ከመፈረሙ በፊት ሊገባ ይችላል፤ ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ ግን ለድርድር የሚቀርብ ነገር የለም።