አልጋው የማን ውሳኔ ነው? የአዲስ ተማሪዎች የዶርም ምደባና የወላጅ ድርሻ



አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ሰሞን በዩኒቨርሲቲ በር ላይ በየዓመቱ የሚታይ ነገር አለ። ከሩቅ አገር በአውቶቡስ የመጡ እናትና አባት ሻንጣና ብርድ ልብስ ይዘው ከልጃቸው ጋር ይቆማሉ። ጥበቃው ተማሪውን ያስገባል፤ ወላጆቹን ግን ብዙ ጊዜ ከበሩ ይመልሳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጃቸው የት፣ ከማን ጋር እንደሚያድር የሚወስነው ሌላ አካል ነው። በዛሬው ንግግሬ ይህ ውሳኔ እንዴት እንደሚሰጥና ወላጅ በውስጡ ምን ድርሻ ሊኖረው እንደሚገባ ለማብራራት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ሁለት ምደባዎችን እንለይ። የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ምደባ ነው። ይህ የትምህርት ሚኒስቴር ሥራ ሲሆን በተማሪው ውጤት፣ በምርጫው ቅደም ተከተልና በተቋማቱ የቅበላ አቅም ላይ ይመሠረታል። ሁለተኛው የዶርም ምደባ ነው፤ ይህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው፣ በተለይም የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ኃላፊነት ነው። ብዙ ወላጅ የአንዱን ጥያቄ ይዞ ወደ ሌላው ይሄድና በከንቱ ይደክማል። ፕሮክተር የዩኒቨርሲቲ ምደባ መለወጥ አይችልም፤ ሚኒስቴሩም የአልጋ ቁጥር አያድልም።

የዶርም ምደባው አሠራር ከተቋም ተቋም ቢለያይም የተለመደው መንገድ ቀላል ነው። ተማሪዎች በመጀመሪያ በጾታ፣ ቀጥሎ በትምህርት መስክ ይለያሉ፤ ከዚያም ስማቸው በፊደል ተራ ይደረደርና ክፍሎቹ እስኪሞሉ ድረስ ይታደላሉ። ዝርዝሩ በሕንፃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ፕሮክተሩ ፍራሽና ቁልፍ በፊርማ ያስረክባል። በአንድ ክፍል ውስጥ አራት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጡ ተማሪዎች በተደራራቢ አልጋ ያድራሉ። የአካል ጉዳት ያለበት ተማሪ አስቀድሞ ካሳወቀ ምድር ቤት ክፍል ሊያገኝ ይገባል።

የፊደል ተራ ለማንም የማያዳላ ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን ስም የቤተሰብን እምነትና የትውልድ አካባቢን ይናገራል። ስማቸው በ«ገብረ» ወይም በ«ወልደ» የሚጀምር ተማሪዎች በተራው መሠረት አንድ ክፍል ሊገጥማቸው ይችላል፤ ሙሐመድ የሚባሉ ተማሪዎችም እንዲሁ። ስለዚህ ማንም ሳያስበው ምደባው ተመሳሳዮችን የመሰብሰብ ዝንባሌ ይኖረዋል። ተማሪዎችን በእርግጥ ማቀላቀል የሚፈልግ ተቋም ዕጣ ማውጣት እንጂ በፊደል ተራ መተማመን አይበቃውም።

ወደ ወላጅ እንምጣ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እንደሚለው 18 ዓመት የሞላው ሰው አካለ መጠን አድርሷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ደግሞ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርት ወጪውም ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ አድርጓል። ውሉን የሚፈርመውም ሆነ ተመርቆ የሚከፍለው ተማሪው ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው፤ አልጋው ችሮታ አይደለም፤ የአልጋው ባለመብትም ወላጅ ሳይሆን ተማሪው ራሱ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ይገጥማቸዋል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የቤተሰብ የትምህርት መብቶችና የግላዊነት ሕግ ተማሪው ኮሌጅ ሲገባ በትምህርት መረጃው ላይ ያለው መብት ከወላጅ ወደ ተማሪው እንዲተላለፍ ያዛል። ክፍያውን የሚከፍለው አባት ስልክ ቢደውልም፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች ውጪ፣ ተቋሙ ያለ ልጁ ፈቃድ የልጁን መረጃ አይሰጠውም።

ሆኖም ሕጉን ጠቅሶ ወላጅን ከበር መመለስ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ የወላጅ ሥጋት መሠረት አለውና። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሡ ግጭቶች የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን ትተው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ያን ያየ ወላጅ «ልጄን ከአገሯ ልጆች ጋር አድርጉልኝ» ቢል ልመናው ከጥላቻ ሳይሆን ከፍርሃት የመነጨ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ጥያቄው ተገቢ ነው ወይ? እዚህ ላይ ጥናት ይረዳናል። ብሩስ ሳሰርዶት የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት በዳርትማውዝ ኮሌጅ በዕጣ የተመደቡ የክፍል ተጋሪዎችን መርምረው፣ አብሮ አዳሪ በተማሪው ውጤትና በማኅበራዊ ሕይወቱ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በዕጣ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር እንዲኖሩ የተመደቡ ነጭ ተማሪዎች ከጊዜ በኋላ ለሌላው ወገን የተሻለ መቀራረብ እንዳሳዩ አመልክቷል። ዱክ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ተማሪዎች አብሮ አዳሪያቸውን ራሳቸው እንዳይመርጡ ወስኗል።

ይሁንና እነዚህን ውጤቶች እንዳሉ ወደ እኛ አገር ማምጣት ስሕተት ነው። ሁለት ሰው የሚያድርበት ክፍልና ስድስት ሰው የሚያድርበት ክፍል አንድ አይደሉም። ደኅንነት በጠፋበት ግቢ መቀላቀል ብቻውን መተማመንን አይፈጥርም። መቀላቀል የሚጠቅመው ተቋሙ አስቀድሞ ሰላምን ማረጋገጥ ሲችል ነው፤ የሚመሽበትን ሥጋት ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አስረክቦ ስለ መቻቻል ማስተማር አይቻልም።

ስለዚህ የወላጆችን ጥያቄ በሦስት መደብ መክፈል የሚሻል ይመስለኛል። የመጀመሪያው የጤናና የአካል ጉዳት ጥያቄ ነው፤ አስም ያለባት ወይም ኢንሱሊን የምትወስድ ተማሪ ጉዳይ መብት እንጂ ውለታ አይደለም፤ የሐኪም ማስረጃ ከቀረበ ተቋሙ ሊያስተናግደው ይገባል። ሁለተኛው የደኅንነት ጥያቄ ነው፤ ዛቻ ወይም ትንኮሳ ካለ በአስቸኳይ ተመርምሮ ውሳኔ ማግኘት አለበት። ሦስተኛው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ከጓደኛ ጋር መሆን፣ መስኮት አጠገብ መተኛት፣ ከአገር ልጅ ጋር ማደር። ይህን ተቋሙ ባይቀበለው ጥፋት የለበትም።

የሚያሳዝነው፣ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ሦስተኛው መሆኑ ነው፤ ያውም ሰው ለሚያውቅ ሰው። በግቢው ዘመድ ያለው ወላጅ በአንድ ስልክ የልጁን ክፍል ያስለውጣል። የገበሬው ልጅ ግን አስሙን ይዞ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅምና። አልጋ የተቆጠረ ነው፤ አንዱ በጓሮ በር ሲገባ ሌላው ከቦታው ይነሣል። የተነሣው ተማሪ ስም ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ተቋሙ የለውጥ ጥያቄ የሚቀርብበት አንድ ቅጽ፣ የታወቀ የጊዜ ገደብና በግልጽ የተጻፉ ምክንያቶች ይኑሩት፤ መልሱንም በጽሑፍ ከነምክንያቱ ይስጥ። ይህ መረጃ ከጥሪ ማስታወቂያው ጋር አብሮ ይውጣ። ወላጅ በሩ ላይ ሲመለስ ቢያንስ የማንን ቢሮ እንደሚጠይቅ የሚያውቅበት አንድ ወረቀት ይሰጠው።

ወላጅም ድርሻ አለው። ልጁ ከቤት ሳይወጣ የሕክምና ማስረጃውን ማዘጋጀት፣ አቤቱታ እንዴት እንደሚቀርብ ማስተማር፣ ከዚያም ልጁ ራሱ እንዲናገር መተው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠቱ ብዙ ወላጆችን ለጥቂት ቀናት ይህን መለያየት አለማምዷቸዋል። አሁን የሚቀረው የቀናቱን ልምምድ ወደ ዓመታት ማሸጋገር ነው።

ከእናንተ መካከል ነባር ተማሪዎች አላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ግራ የገባት እናት በበሩ ላይ ስታዩ የዲኑን ቢሮ አሳዩአት። ለጊዜው አሠራሩ ያላሟላውን እናንተ ልታሟሉት ትችላላችሁ።