ፕሮግራምን ከአንድ የኮምፒዩተር ቋንቋ ወደ ሌላ በመሣሪያ ስለ መተርጐም

በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ የሚያስተምር መምህር አዊኛንና አማርኛን ማስተያየት የዘወትር ሥራው ነው። ሁለቱም የሚጻፉት በአንድ ፊደል ነው፤ ግስን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ማሳረፍም የጋራ ጠባያቸው ነው። ይሁን እንጂ አንዱ ከኩሽ፣ ሌላው ከሴም ቤተሰብ ስለሚመደብ፣ የፊደሉ አንድነት ቃልን በቃል ለሚተካ ሰው ዋስትና አይሆነውም። የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ በራሱ የሚተረጕም መሣሪያም የሚገጥመው ችግር ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። እንዲያውም ቋንቋዎቹ መልካቸው በተቀራረበ መጠን ስሕተቱ ይበልጥ ይሰወራል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ በመጀመሪያ የፕሮግራሙን ጽሑፍ በቃልና በምልክት ይከፋፍላል፤ ቀጥሎም የሰዋስው መምህር ዐረፍተ ነገርን በባለቤት፣ በተሳቢና በማሰሪያ እንደሚተነትን ሁሉ፣ ክፍሎቹን እንደ ዛፍ በቅርንጫፍ ያደራጃል። ከዚያ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በአዲሱ ቋንቋ ሕግ መሠረት ለውጦ መልሶ ይጽፈዋል። ውጤቱ ሰው የሚያነበውና የሚያርመው ጽሑፍ በመሆኑ፣ ፕሮግራምን ወደ ማሽን ቋንቋ ብቻ ከሚለውጠው መሣሪያ ይለያል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ዲጂታል ሪሰርች የተባለው ኩባንያ ለ8080 ፕሮሰሰር የተጻፈውን ወደ 8086 የሚያሻግር መሣሪያ ለገበያ አቅርቦ ነበር። በቅርብ ዘመን በይበልጥ የታወቀው ግን የፓይተን ቋንቋ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ከሁለተኛው ጋር የማይጣጣም ሆኖ ስለ ተሠራ፣ አሮጌዎቹን ፕሮግራሞች የሚያሻግር «ቱ ቱ ስሪ» የተሰኘ መሣሪያ አብሮ ቀረበ። ለሁለተኛው ፓይተን ይሰጥ የነበረው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 አበቃ።

መሣሪያው የቱን ያህል እንደሚረዳና የት ላይ እንደሚያቆም ለማሳየት የባሕረ ሐሳብን ስሌት እንውሰድ። የመስከረም 1 ቀን ዕለት የሚገኘው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 በመደመር ዓመተ ዓለሙን አውጥቶ፣ እርሱንም ለ4 ከፍሎ መጠነ ራብዒቱን በማግኘት፣ ሁለቱን ደምሮ በ7 በመግደፍ ነው። ቀሪው 1 ቢሆን ማክሰኞ፣ 2 ቢሆን ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ ቀሪ ባይኖር ሰኞ ነው። ለ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7517፣ መጠነ ራብዒቱ 1879፣ ድምሩ 9396፣ ቀሪው 2 ነው፤ ዕለቱም ረቡዕ ነበር። 7517 ለ4 ሲካፈል የሚተርፈውን አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር ያለ ምንም ማመንታት ይጥለዋል። ሁለተኛው ፓይተንም ሙሉ ቁጥሮችን በአንድ እዝባር ሲያካፍል እንዲሁ ያደርግ ነበር።

በሦስተኛው ፓይተን ግን ያው እዝባር ትርፉን አይጥልም፤ 1879.25 ብሎ ይመልሳል። የዕለቱ ቀሪም 2.25 ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ዕለት ደግሞ የለም። ትርፉን የሚጥለው ድርብ እዝባር ነው። «ቱ ቱ ስሪ» «ፕሪንት» የሚለውን ትእዛዝ በቅንፍ አስገብቶ ያስተካክላል፤ እዝባሩን ግን ሳይነካው ያልፋል። ምክንያቱም በፓይተን ቁጥሩ ሙሉ ይሁን ክፍልፋይ በጽሑፉ ላይ አይታወጅም፤ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው። ተርጓሚው መሣሪያ የጸሐፊውን ፈቃድ ከምልክቱ ብቻ ሊያነብ አይችልም።

ከዚህ የከፋው የጥገናው መንገድ ነው። አንድ ችኩል ሰው ቀሪውን ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ቢያጠጋጋው፣ በዘመነ ዮሐንስ (2016 ዓ.ም.) እና በዘመነ ማቴዎስ (2017 ዓ.ም.) ትክክለኛ መልስ ያገኛል። በዘመነ ሉቃስ፣ ለምሳሌ በ2019 ዓ.ም.፣ 4.75 ወደ 5 ተጠግቶ ቅዳሜ ይወጣል፤ እውነተኛው ዕለት ግን ዓርብ ነው። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ አያስጠነቅቅም፤ የትምህርት ዘመን መቍጠሪያው ብቻ በአንድ ቀን ይዛባል። የተማሪዎችን አማካይ ውጤት የሚያወጣ ፕሮግራምም በዚሁ ምክንያት፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ክፍልፋዩን ሊያጠፋ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የፌስቡክ ተመራማሪዎች ያወጡት ትራንስኮደር ከሕግ ይልቅ ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ በጃቫና በፓይተን መካከል ይተረጕማል። ተመራማሪዎቹ ትርጕሙን የመዘኑት በጽሑፉ መመሳሰል ብቻ ሳይሆን፣ ለአንድ ዓይነት ግብዓት አንድ ዓይነት ውጤት መስጠቱን በማየት ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሚዛኑ ከመሣሪያው ይበልጥ ይጠቅመናል፤ አሮጌው ፕሮግራም ከመወገዱ በፊት ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን የሚሠራበት ጊዜና ባለሙያ በዕቅድ ውስጥ ሊያዝለት ይገባል። የሙከራው ብዛትም በግምት አይወሰንም። ለመስከረም 1 ዕለት 28 ተከታታይ ዓመታትን ማመሳከር ይበቃል፤ ዑደቱ በዚያ ይዘጋልና። ፋሲካን ጭምር የሚያወጣ ፕሮግራም ከሆነ ግን ሙሉው ዐቢይ ቀመር፣ 532 ዓመት፣ ያስፈልጋል፤ ለኮምፒዩተሩ ይህም ቢሆን የአፍታ ሥራ ነው።