ወሎ ያላየው የወሎ ፊልም

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዘመድ ካለዎት፣ ዕድሜ በድርቅ ሲቆጠር ሰምተው ይሆናል። «በ66ቱ ተወለደች»፣ «ከ77ቱ በፊት ተጋቡ» ይባላል። ሁለቱም ዓመታት ታዲያ የየራሳቸው ፊልም አላቸው።

የመጀመሪያውን የሠራው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው። የንጉሡ መንግሥት የወሎን ረኀብ ሸፋፍኖት ሳለ፣ ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው። ንጉሡም እንዲያዩት ተነገራቸው። በማግስቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ልብ ይበሉ፤ ረኀቡም ድግሱም እውነት ነበሩ። ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ግን መቀሱን የጨበጠው እጅ ነው። ያኔ የቴሌቪዥን ሥርጭት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ እምብዛም ስለማይርቅ፣ የተቀረጸው የወሎ ገበሬ ራሱን አላየም።

ከ10 ዓመት በኋላ ያው መንግሥት ካሜራ ከልካይ ሆነ። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በድምቀት ሲከበር ወሎ ዳግም ተርቦ ነበር። ለበዓሉ የመጡ የውጭ ጋዜጠኞች ግን ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችውን ኮረምን የቀረጹት ከበዓሉ በኋላ ነው። ዘገባው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ሲተላለፍ ዓለም ደነገጠ፤ ርዳታም ጎረፈ። ምስሉ ሲደበቅ እህሉም አብሮ ዘግይቶ ነበር። ሳንሱር የሚያስከፍለው ዋጋ አንዳንዴ የሰው ሕይወት ነው።

የኮረሙ ዘገባ ዛሬ በስልክዎ ይገኛል። ከፍ ላሉ ልጆችዎ ሲያሳዩ ሦስት ነገር ይጠይቋቸው፦ ማን ቀረጸው? ማን ቆረጠው? ማን እንዳያየው ተደረገ? በቤትዎ ያን ዘመን ያለፉ አያት ካሉ ግን አስቀድመው ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፤ ቁስሉ ላይሽር ይችላል። ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ስልኩን ዘግተው እሳቸውን ያዳምጡ። የመጨረሻዋን ቁና እህል ማን ከማን ጋር እንደተካፈለ፣ የጎረቤትን ልጅ ማን እንዳሳደገ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ያንን የቀረጸ ካሜራ የለም።