ውሃ ውስጥ ለሚሠራ ሰው፦ የዌደር አመራረጥና አያያዝ

በባለፈው እትማችን ስለ ሙያ ክፍላችን የዓሣ ኩሬ ካወጣን በኋላ፣ አንዳንዶቻችሁ በአካል፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ “ለመሆኑ ልጆቹ ኩሬው ውስጥ የሚገቡት ምን ለብሰው ነው?” ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እውነቱን ለመናገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መልሱ “ቁምጣ” ነበር።

ከዚያ ሁለት ካርቶን እርዳታ መጣልን። ስንከፍተው እስከ ደረት የሚደርስ፣ ከጫማው ጋር አንድ ላይ የተሠራ፣ ውሃ የማያስገባ ሱሪ ነው። ፈረንጆቹ ዌደር ይሉታል። የአማርኛ ስም ስላላገኘንለት እኛም ዌደር እያልን ቀጠልን። ልጆቹ ተሻሙበት። ሁሉም ወፍራሙንና ትልቁን ፈለገ፤ ወፍራም ነገር ውድ ይመስላላ! በሳምንቱ መረብ ስንጎትት አንድ የ17 ዓመት ተማሪያችን በኩሬው ጥልቅ ጎን አዳለጠው። የለበሰው ከእሱ በሁለት ራስ ለሚበልጥ ሰው የተሰፋ ነበር፤ ወገቡ ላይ ቀበቶ የለም። ውሃው በደረቱ በኩል ገባና ሱሪው እንደ ስልቻ ተነፋ። ለሦስት ሆነን በመረቡ ጎትተን አወጣነው። ከድንጋጤ በቀር ምንም አልሆነም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በማግሥቱ ግን እናትየው መጥታ “መምህር፣ ልጄን የምታስተምሩት ዓሣ ማውጣት ነው ወይስ መስጠም?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ግን “ታዲያ ለምን አይቀርም፣ በቁምጣ ብትገቡስ?” ለሚለው ልመልስ። እዚህ ናኪቫሌ ሐይቁ ደጃችን ነው። ብዙዎቻችን ዓሣ የምናየው ሳህን ላይ ብቻ ቢሆንም፣ ከጎረቤቶቻችን ከኮንጎና ከቡሩንዲ ወንድሞቻችን ጋር ውሃው ውስጥ የሚውሉ ልጆች አሉን። ዳር ዳሩን ደንገል የያዘው፣ የማይንቀሳቀስና ለብ ያለ ውሃ የቀንድ አውጣ ቤት ነው። ቀንድ አውጣ ባለበት ደግሞ ቢልሃርዝያ ሊኖር ይችላል። በኡጋንዳ የቪክቶሪያና የአልበርት ሐይቆች ዳርቻዎች በዚህ በሽታ የታወቁ ናቸው። በአገራችንም ጣናና ዝዋይ እንዲሁ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ባዮሎጂ ላይ እያለሁ ነው ያቋረጥኩት፤ ከዚያ ትምህርት በደንብ የቀረልኝ ነገር ቢኖር የዚህ ትል የሕይወት ዑደት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴዎዶር ቢልሃርዝ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ትሉን አገኘውና በሽታው በስሙ ተጠራ። የትሉ እንቁላል ከታመመ ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባበታል፤ ቀንድ አውጣው ሆድ ውስጥ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር፣ ጭራው ሹካ የመሰለ ሆኖ ይወጣና ውሃው ውስጥ ይዋኛል። የሰው እግር ካገኘ ቆዳውን በስቶ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ቁስል አያስፈልገውም፤ ደህናውን ቆዳ ነው የሚበሳው። ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይኖራል። ሆድ ያማል፣ ሰገራ ከደም ጋር ይወጣል፣ ብዙ ሲቆይ ጉበትን ይጎዳል። ልጆችን ደግሞ ደማቸውን ይቀንሳል፣ ያደክማል። ከኋላ ወንበር እያንቀላፋ “ሰነፍ” የምንለው ተማሪ ስንት ጊዜ በሽተኛ ሆኖ ይሆን? እኔ ራሴ አንዱን ብዙ ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ፤ በኋላ ሲመረመር ተገኘበት። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ጥሩ ነው፣ ትሎቹን ይገድላል። ግን ነገ ተመልሶ ባዶ እግሩን ውሃ ለገባ ሰው መከላከያ አይሆነውም። ለዚህ ነው ቆዳን ከውሃ የሚለይ ነገር የሚያስፈልገው፤ የሚያፈስ ዌደር ደግሞ ይህን ሥራ አይሠራም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። በቁመት ሦስት ዓይነት አለ። እስከ ጭን የሚደርስ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ እስከ ደረት የሚደርስ። ውሃው ከጉልበት የማያልፍ ከሆነ የጭኑ ይበቃል፤ ቀላል ነው፣ አያሞቅም፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። መረብ ለሚጎትት ሰው ግን ኩሬው ወገብ ስለሚደርስ የደረቱ ግድ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ውሃው ከሱሪው አፍ ቢያንስ አንድ ክንድ ዝቅ ማለት አለበት።

ከምን እንደተሠራ ማወቁ ዋናው ነው። የጥንቱ ጎማ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ማጠንከርን እ.ኤ.አ. በ1844 በፓተንት ካስመዘገበ ወዲህ ውሃ የማያስገባ ጫማና ልብስ ተስፋፋ። ጎማ ከባድ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው፣ ጎሚስታም ይለጥፈዋል። ሁለተኛው ፒቪሲ ወይም ፒቪሲ የተቀባ ናይሎን ነው። ርካሽና ቀላል ነው፤ ሆኖም ፀሐይ ላይ ሲውል ይደርቅና እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። እኔ ከምባራራ ገበያ በአንድ ወር ኢንሴንቲቬ የገዛሁት ቀጭን ፒቪሲ በሁለት ወሩ ብሽሽቱ ላይ ተተርትሯል። ሦስተኛው ኒዮፕሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን፣ ለዌደር ሲሆን ውስጡ አየር እንደያዘ ስፖንጅ ተደርጎ ይሠራል፤ ሙቀት ይይዛል። ካርቶናችን ውስጥ ልጆቹ የተሻሙበት ወፍራሙ እሱ ነበር! ወደ ኖርዌይ ወይም ወደ ሚኒሶታ ለሄዱ ወገኖቻችን በበረዶ ውሃ ውስጥ ሊቆሙበት ጥሩ ነው። እዚህ ግን በቀትር ኒዮፕሪን ለብሶ መረብ መጎተት ራስን መቀቀል ነው። አራተኛው “የሚተነፍስ” የሚባለው ጨርቅ ነው። ውሃን ከውጭ የሚከለክል፣ ላብ በእንፋሎት መልክ ሲሆን ግን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ያለው። የዚህ ዓይነቱ ሽፋን ጎሬቴክስ በሚል ስም የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1969 ግኝት በኋላ ነው። ከሁሉም ይመቻል፣ ከሁሉም ይወደዳል። እሾህ ግን አይችልም፤ እዚህ ደግሞ እሾህ የሌለበት መንገድ የት አለ?

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ ለእኛ ሥራ፣ በእኛ አየር፣ ወፈር ያለ ናይሎን ላይ የተቀባ ፒቪሲ ወይም ቀለል ያለ ጎማ ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ “ስንት ነው?” ሳይሆን “ሲቀደድ እዚሁ ይጠገናል ወይ?” መሆን አለበት።

ጫማውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የጎማ ቦቲው ከሱሪው ጋር የተያያዘ ነው። ሌላው ጫፉ ካልሲ ብቻ ሆኖ ከላዩ ሌላ ጫማ ይፈልጋል። የካልሲው ዓይነት ከካርቶኑ ሲወጣ ልጆቹ ጫማ ሳያደርጉበት በድንጋይ ላይ ሄዱበት፤ በአንድ ቀን አለቀ። ለጭቃ የተያያዘው ይሻላል። ሶሉ ጥርስ ያለው ጎማ ይሁን። ሥሩ እንደ ብርድ ልብስ ጨርቅ የሆነ ሶል ካያችሁ፣ እሱ አልጌ ላለበት ድንጋያማ ወንዝ የተሠራ ነው። ጭቃ ላይ ያንሸራትታል፤ እርጥበት ስለሚይዝም ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ተውሳክ ያዛምታል። ኒውዚላንድ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2008 ከልክላዋለች።

ልክን በተመለከተ ችግራችን ትልቅ ነው፤ የመጣልን ሁሉ ለትልልቅ ወንዶች የተሰፋ ነውና ሴት ተማሪዎቻችን እስካሁን በተራ የሚለብሱት አንድ ብቻ ነው። ስትመርጡ ወፍራም ካልሲ አድርጉና ልበሱት። ከዚያ ሦስት ነገር ሞክሩ፦ ቁጢጥ በሉ፣ አንድ እግራችሁን ወንበር ላይ ስቀሉ፣ ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። ብሽሽት ላይ ከወጠረ ስፌቱ በቅርቡ ይለቃል። ከጉልበት በታች ተንዘርፍፎ ከታጠፈ ደግሞ እጥፋቱ ያው የሚሰነጠቅበት ቦታ ነው፣ እግርንም ይልጣል። ቦቲው ውስጥ ተረከዛችሁ ከተነሳ ጭቃው ጫማውን ይዞ ያስቀረዋል። ትንሽ ሰፋ ማለቱ ከመጥበቡ ይሻላል፤ በጣም ሰፊ ግን የዚያን ቀን ያየነውን ያመጣል።

ስለዚያ ቀን ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው “ውሃ የሞላው ዌደር እንደ ድንጋይ ወደ ታች ይጎትታል” ይላል። ልክ አይደለም። ከጉድጓድ ውሃ ቀድታችሁ ታውቁ የለ? ባልዲው ውሃው ውስጥ እያለ ሞልቶም ቀላል ነው፤ የሚከብደው ከውሃው ብቅ ሲል ነው። ዌደርም እንዲሁ ነው። ውስጡ የገባው ውሃ ከውጭው ውሃ እኩል ስለሆነ አያሰጥምም። አደጋው ሌላ ነው፤ እግር መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ሰው ይደነግጣል፣ ዳር ሲደርስም ያን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ መውጣት አይችልም። ወገብ ላይ ጠበቅ ያለ ቀበቶ ካለ ግን ወደ እግር የሚገባው ውሃ ትንሽ ይሆናል፤ እግር ውስጥ የቀረው አየርም ያንሳፍፋል። የወደቀ ሰው በጀርባው ይንጋለል፣ ጉልበቱን ያጥፍ፣ በእጁ እየቀዘፈ ወደ ዳር ይምጣ። ዳር ሲደርስ ቆሞ ለመውጣት አይታገል፤ ማንጠልጠያውን ፈትቶ፣ በእንብርክኩ እየዳኸ፣ ውሃው እየፈሰሰለት ይውጣ። ስለዚህ ማንጠልጠያው በአንድ እጅ የሚፈታ መቆለፊያ ይኑረው፤ በገመድ ቋጥራችሁ እንዳትገቡ። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ተቆጥታ ከሄደች በኋላ ከጆንያ ማሰሪያ ጨርቅ ስድስት ቀበቶ ሰፍታ ላከችልን፤ አሁን ያለ ቀበቶ ማንም አይገባም። ጉማሬ ባለበት የሐይቁ ዳርቻ ደግሞ ዌደርም ቀበቶም አያድንም፤ በዚህ ልብስ መሮጥ ስለማይቻል እንዲያውም ይብሳል።

በመጨረሻ አያያዙ። የሚያፈስበትን ለማግኘት ውሃ ሞልታችሁ አትስቀሉት፤ ክብደቱ ስፌቱን ይበጥሰዋል። ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት እግሩ ውስጥ አስገቡ፤ ቀዳዳው እንደ ኮከብ ያበራል። ካልታየ አፉን ጠቅልላችሁ አየሩን ወደ እግሩ እየገፋችሁ የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ የሚሠራበት እሱ ነው። ጎማ ከሆነ እንደ ብስክሌት ካላማዳሪ ነው፦ በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ማድረግ፣ ማስቲሽ መቀባት፣ እስኪደርቅ ጥቂት መጠበቅ፣ መለጠፍ፣ መጫን። ፒቪሲ በዚህ ማስቲሽ አይያዝም፤ የራሱን የፒቪሲ ማጣበቂያ ይፈልጋል። እኛ ይህን ሳናውቅ ሦስት ጊዜ ለጥፈን ሦስት ጊዜ ተላቋል።

ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ይገልበጥና ጥላ ላይ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አታስጡ። አጥፋችሁ ካርቶን ውስጥም አትክተቱ፤ በእግሩ በኩል ተዘቅዝቆ ይሰቀል። ከነጭ ጋዝና ከናፍጣ ይራቅ፤ የተፈጥሮ ጎማ ነዳጅ ሲነካው ያብጥና ይላሽቃል። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ምድጃውም ዌደሩም ጎን ለጎን መዋሉ አይቀርም፣ ስለዚህ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ቀርቷል።

አሁን በደህናው የቀሩን ሰባት ናቸው፤ በሙያ ክፍሉ መጋዘን ተሰቅለዋል። በሐይቁ ለሚሠሩ ወላጆች በፈረቃ እናውሳለን። የምትፈልጉ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኑ፤ ወፍራም ካልሲ ከየቤታችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ እንለምናለን፣ የጋራ ካልሲ የእግር ፈንገስ ያዛምታል። ትንንሽ ልክ ያለው ዌደር ምባራራ ውስጥ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁም ንገሩን፤ ሴት ተማሪዎቻችን እየጠበቁ ነው።