የተጎዳ ሰው ጠበቃ ሥራው ምንድን ነው?

ጠበቃ በተባለ ጊዜ በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው፣ ከችሎት ቆሞ በአንደበቱ የሚረታ ሰው ነው። ይህን ምስል ያወረሰን የጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ነው። ተጎድቶ ካሣ ለሚጠይቅ ሰው የሚቆም ጠበቃ ግን ከድካሙ እኩሌታው እንኳ በችሎት ፊት አይታይም። ሕግ ለመማር የሚያስብ ተማሪ ይህን ቀድሞ ቢያውቀው መልካም ነው።

ለምሳሌ አንድ የቀን ሠራተኛ መንገድ ሲሻገር የጭነት መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰበረ እንበል። ሾፌሩ ሐኪም ቤት አደረሰው፤ ሽማግሌዎችም ገብተው «በዕርቅ እንጨርሰው» አሉ። ዕርቅ የተመሰገነ ነገር ነው፤ ነገር ግን ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ ዘመኑ ያልፋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2143፣ ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲከስ ያዛል። ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረዥሙ ይጸናል፤ ይሁን እንጂ አስተዋይ ጠበቃ በዚህ ተማምኖ አይተኛም። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ገጨህ?» ሳይሆን «መቼ ተገጨህ?» የሚል ነው።

ሁለተኛው ሥራ ተጠያቂውን መለየት ነው። ሾፌሩ ደኻ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ግን በቁጥር 2081 የመኪናውን ባለቤት ኃላፊ ያደርገዋል። ባለቤቱም «እኔ አላጠፋሁም» በማለት ብቻ አያመልጥም፤ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ሾፌሩ በወንጀል ችሎት ነጻ ቢወጣም ነገሩ አላለቀም። በቁጥር 2149 መሠረት፣ ካሣውን የሚያየው ዳኛ ጥፋት መኖሩን ሲመረምር በዚያ ፍርድ አይገደድም። ይህን የማያውቅ ተጎጂ ግን ሾፌሩ የተለቀቀ ዕለት ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሦስተኛውና እጅግ አድካሚው ሥራ ሒሳቡ ነው። የጉዳቱን ልክ የማስረዳት ሸክም የከሳሹ ነው። የሐኪም ማስረጃና የመድኃኒት ደረሰኝ መሰብሰብ አለበት። የደመወዝ መዝገብ የሌለው የቀን ሠራተኛ ምን ያህል ያገኝ እንደ ነበረ በአሠሪውና በባልደረቦቹ ምስክርነት መረጋገጥ አለበት። ካሣ የሚጠየቀውም ላለፈው ብቻ አይደለም፤ ወደ ፊት መድረሱ የማያጠራጥር ጉዳትም ይታሰባል። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ ይቈርጣል፤ መዝገቡ ባዶ ሲሆን ግን ርትዕም የሚይዘው አያገኝም።

እዚህ ላይ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ። ስለ ሥቃዩና ስለ ሐዘኑ የሚሰጠው የኅሊና ጉዳት ካሣ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ለአንድ ቤተ ሰብ የወር ቀለብ አይበቃም። ቁጥሩ እስኪለወጥ ድረስ ጠበቃው የደንበኛውን እንባ በቃል ከማስረዳት ይልቅ፣ የተቋረጠበትን እንጀራ በማስረጃ መቁጠር ይኖርበታል።

ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰውስ? የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ድኽነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ በር ከፍቶለታል። በሩ መኖሩን የሚነግረው ሰው ከሌለ ግን ለእርሱ እንደ ተዘጋ ይቆጠራል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የዚህ ሙያ ሥሩ ቀኑ፣ ደረሰኙና ምስክሩ ነው። በዚህ ሥራ ለመሰማራት የሚያስብ ጓደኛችን አንደበቱን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥቱንም ይመርምር። ሌሎቻችንም ዘመድ ወይም ጎረቤት በተጎዳ ጊዜ፣ ዕርቁ ቢጀመርም ባይጀመርም፣ ቀኑን ጽፈን እናስቀምጥ።